ሰባት አምባርና አንድ ባልዲ

(ወረታ፣ በግንቦት ወር አንድ ረፋድ ላይ። ደምላሽ የግቢያቸውን የውሃ ጉድጓድ ጭቃ ሊጠርግ ወርዶ ታች ነው፤ ሚስቱ ስንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን በባልዲ እየጎተተች ታወጣለታለች።)

ደምላሽ፦ ገመዱን ልቀቂልኝ እንጂ! ባልዲው እኮ አናቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ!

ስንዱ፦ ለቅቄዋለሁ።

ደምላሽ፦ እስከ መጨረሻው ልቀቂው!

ስንዱ፦ መጨረሻው እሱ ነው።

ደምላሽ፦ ቆይ፣ ቆይ። ጠዋት በገመዱ ስወርድ ባልዲው እግሬ ሥር ያርፍ ነበር አይደል?

ስንዱ፦ ነበር።

ደምላሽ፦ ቀጥሎ ወገቤ ላይ ቀረ። ከዚያ ደረቴ ላይ። አሁን እጄን ዘርግቼም አልደርስበትም። ምን ማለት እንደሆነ ገባሽ?

ስንዱ፦ ም... ምን ማለት ነው?

ደምላሽ፦ ቆፍሬዋለኋ! በአንድ ጠዋት ከቁመቴ በላይ ቆፍሬዋለሁ!

ስንዱ፦ እሰይ የኔ ጀግና!

ደምላሽ፦ ጋሽ ልንገረው የራሳቸውን ሲያስቆፍሩ ሦስት ጎረምሳ ሳምንት ሙሉ ሲያቃስት ከረመ። እኔ ግን ብቻዬን፣ በአንድ አካፋ! ሂጂ ንገሪያቸው!

ስንዱ፦ ተው፣ ለማንም ባንናገር ይሻላል። የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም።

ደምላሽ፦ እሱስ ልክ ነሽ። እግሬ ግን ደነዘዘ።

ስንዱ፦ አንተማ ብርድ አትችልም። በዚህ ሙቀት አልጋ ላይ ካልሲ አድርጎ የሚተኛ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም።

ደምላሽ፦ የካልሲውን ነገር ተይው። ይልቅ አንድ ነገር አልገባኝም።

ስንዱ፦ ሁሉ ነገር ቢገባህ ምን ያደርግልሃል?

ደምላሽ፦ ይህን ያህል ከቆፈርኩ ከአንቺ መራቅ ነበረብኝ። ፊትሽ ግን ጠዋት በነበረበት ነው። ፍንጭትሽ ሳይቀር ይታየኛል።

ስንዱ፦ ዓይንህም እንደ ክንድህ ጎብዞ ይሆናላ።

ደምላሽ፦ በጥርስሽ የያዝሽው ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ምንም። ክር ነው።

ደምላሽ፦ ሰማያዊ ነው። ገመዳችንም ሰማያዊ ነው።

ስንዱ፦ ሰማዩስ ሰማያዊ አይደል? እሱንም ቆረጥሽው ልትለኝ ነው?

ደምላሽ፦ ቆረጥሽ ያለሽ ማን ነው?

ስንዱ፦ ባልዲውን ልሳበው?

ደምላሽ፦ ስንዱ!

ስንዱ፦ ትንሽ ናት። አንድ ክንድ ብቻ።

ደምላሽ፦ አንድ ክንድ?

ስንዱ፦ ላንድ አምባር።

ደምላሽ፦ ስንት አምባር ሠራሽ?

ስንዱ፦ አንተ ባልዲ እስክትሞላ እጄን አጣምሬ ልቀመጥ? ሰባት።

ደምላሽ፦ ሰባት ክንድ ገመድ! እኔ እዚህ ጉድጓዱን አጠለቅኩ ብዬ ስፎክር!

ስንዱ፦ ደስ ብሎህ ነበር፤ ደስታህን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ደምላሽ፦ አምባር ከገበያ ጠፍቶ ነው?

ስንዱ፦ እሁድ የእህቴ ልጅ ሰርግ ነው። እኔና አብሮ አደጎቼ ሰባት ነን፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት አስረን እንጨፍራለን። ደግሞ የእጅ ሥራ ከገበያ ጋር አይወዳደርም። ገመዱን ትፈታታለህ፣ ሦስቱን ዘለላ ትጎነጉናለህ፣ ጫፉን በእሳት ታቀልጣለህ፣ በቃ።

ደምላሽ፦ ሥራውን አስተምሪኝ አልኩሽ? አውጪኝ!

ስንዱ፦ በምን?

ደምላሽ፦ በመሰላሉ!

ስንዱ፦ መሰላሉን ለጋሽ ልንገረው ያዋሰው ማን ነው?

ደምላሽ፦ እኔ።

ስንዱ፦ ታዲያ ልሂድና «ባሌ ጉድጓድ ውስጥ ቀረ፣ ገመዱን አምባር አድርጌዋለሁ» ልበላቸው?

ደምላሽ፦ ኧረ በእመቤቴ! እሳቸው ከሰሙ እስከ መስከረም ሌላ ወሬ አያወሩም። አምባሮቹን እርስ በርስ አያይዢና ከገመዱ ጫፍ ቀጥያቸው።

ስንዱ፦ አምባሮቼን? ትናንት በእንግዳ ፊት «ያንቺ ጉንጉን የፍየል ግልገል አያስርም» ያልከው አንተ አይደለህ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ደምላሽ፦ ስንድዬ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?

ስንዱ፦ ሰምቻለሁ። አንበሳው የታለ?

ደምላሽ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ቆንጆ ናቸው።

ስንዱ፦ ሳታያቸው?

ደምላሽ፦ ከዚህ ይታዩኛል። ቋጠሯቸው ያምራል፣ ቀለማቸው ያምራል፣ የሠራቻቸው ታምራለች።

ስንዱ፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል! ግድ የለም፣ እሱንም እቀበላለሁ። ግን መጀመሪያ የሠራኋትን፣ ከድሮው ገመድ የሠራኋትን፣ ለማን ነበር የሰጠሁት?

ደምላሽ፦ ለእኔ።

ስንዱ፦ የት አደረስካት?

ደምላሽ፦ ጠፋች ብዬሽ የለ።

ስንዱ፦ ሦስት ቀን ጣቴ እስኪላጥ የጎነጎንኳትን! ከፋኝ እኮ ደምላሽ። ስቄ አሳለፍኩት እንጂ ከፋኝ።

ደምላሽ፦ አውቃለሁ።

ስንዱ፦ በል ያዝ፣ ቀጥዬልሃለሁ። ደረሰህ?

ደምላሽ፦ ትንሽ አውርጂው... ስንዝር ቀረኝ።

ስንዱ፦ ዝለላ!

ደምላሽ፦ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ውጦኝ በየት በኩል ልዝለል?

ስንዱ፦ አየህ? ይቺን ስንዝር የጠፋችው ትሞላት ነበር። ስምንተኛዋ!

ደምላሽ፦ (ወደ እግሩ ጎንበስ ይላል።)

ስንዱ፦ ምነው ጎነበስክ? ሰመጥክ እንዴ?

ደምላሽ፦ አለች።

ስንዱ፦ ምኗ?

ደምላሽ፦ ስምንተኛዋ። ቦቲዬ ውስጥ ናት። እግሬ ላይ አስሬያታለሁ።

ስንዱ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ደምላሽ፦ ከሰጠሽኝ ቀን ጀምሮ። ወንድ ልጅ ያውም በዚህ ዕድሜው አምባር አሰረ እንዳልባል ከካልሲዬ ሥር ደበቅኳት።

ስንዱ፦ ለካ... ለካ በካልሲ የምትተኛው ለዚህ ነው!

ደምላሽ፦ ሙቀቱ ገደለኝ እኮ።

ስንዱ፦ አንተ ሞኝ! በል አውልቃትና ወርውርልኝ፣ ልቀጥላት።

ደምላሽ፦ አላወልቃትም።

ስንዱ፦ ታዲያ በምን ልትወጣ ነው?

ደምላሽ፦ አልወጣም። እዚሁ እኖራለሁ። ምሳዬን በባልዲ ላኪልኝ። ዝቅ ባይልም እንጀራውን ጣል አድርጊልኝ፣ እቀልበዋለሁ።

ስንዱ፦ ውይ፣ የኔ ጌታ! በል ጠጋ በል፣ መሰላሉን ላውርድልህ።

ደምላሽ፦ የትኛውን መሰላል? ጋሽ ልንገረው ጋ አይደል እንዴ?

ስንዱ፦ ጠዋት አንተ እንደወረድክ መልሰውልን፣ ይኸው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው አምባር የምሠራው።