ድንገት ያልታመሙት አያቴ

አያቴን ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሲያቃስቱ፣ እናቴና እኔ በሌሊት ደግፈን ድንገተኛ ክፍል አደረስናቸው። በሩ ላይ ጋውን የለበሰ ወጣት ስልኩን ይነካካል። «መቼ ጀመራቸው?» አለን ቀና ሳይል። እናቴ መዋሸት አታውቅም። «ከቢቸና ገበያ ከተመለሱ ወዲህ ነው፤ ሰነበተባቸው» አለችው። «ታዲያ እናት፣ የሰነበተ ሕመም ምኑ ነው ድንገተኛ? ድንገተኛ ማለት እኮ ድንገት የመጣ ነው። ጠዋት ተመላላሽ ክፍል አምጧቸው።» ተምሮ ተምሮ የደረሰባት ትርጉም ይቺ ናት!

እኔ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። አያቴ በቁማቸው ሲዝለፈለፉ ሳይ ግን ወጣ። «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ጀመራቸው» አልኩት።

«መቼ?»

«አሁን፣ እዚሁ በር ላይ። ድንገት።»

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እሱ ግን «እንደሱ አትይም ታዲያ!» ብሎ አልጋ አስመጣ። ውስጥ የነበረው ሐኪም ሆዳቸውን ዳሰስ አድርጎ «አንጀታቸው ተጠማዟል፤ እስኪነጋ አይቆዩም ነበር» አለና ወደ ኦፕራሲዮን አስገባቸው። ባለጋውኑም ይህን ሰምቶ ወደ እናቴ ዞረና ተቆጣት።

«እናንተ ሰዎች፣ በሽተኛ ቶሎ ማምጣት መቼ ነው የምትለምዱት?»