የመዲና ሙሉ ፊት

ባለፈው ሰኞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ከጎረቤቴ ከጋሽ ዘካሪያ ጋር ተገናኘን። የሃያ አራት ዓመት ልጃቸው መዲና አጠገባቸው መስኮቱን ተደግፋለች። ፊቷ ክብ ሆኖ ሞልቷል፤ ክንዷ ግን ቀጭን ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ወዴት ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ሆስፒታል ነዋ። ትናንት ጀሪካን ብድግ ስታደርግ ወገቧ ቀጭ አለ። የሰው ዓይን ነው፤ 'ማሻአላህ፣ ፊቷ ሞላ' ያላላት የለም። እኔም ደስ ብሎኝ 'አልሐምዱሊላህ' እላለሁ።»

ነርስ ነኝና፣ አስም እንዳለባትም ስለማውቅ ጠየቅሁ፤ «ለአስሟ ምን ትወስዳለች?»

«ያችን ትንሽ ነጭ ኪኒን። ይኸው ስድስት ዓመት ራሴ እገዛላታለሁ።»

«ሐኪሙ በአፍ የሚሳብ ፓፍ አላዘዘላትም?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዝዞ ነበር። ሰው ፊት ፓፍ የምትስብ ልጅ ማን ያገባል? ኪኒን ተደብቆ ይዋጣል።»

«ሁለቱም እኮ አንድ ዓይነት መድኃኒት ናቸው። ፓፉ በጥቂቱ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። ኪኒኑ ግን በደም መላ አካሏን ይዞራል። ዓመታት ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ያመጣል፣ ዓይን ይጋርዳል። የፊቷ መሙላትም የኪኒኑ ሥራ ነው።»

«እንግዲያ ዛሬውኑ ትተወው!»

«እንዳያደርጉት! ሰውነቷ ኪኒኑን ተደግፎ ቆሟል፤ በድንገት ከቆመ ሊገድላት ይችላል። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው።»

«ትንፋሿስ? አሁን ሦስት ብትውጥም አፈናው አይለቃትም።»

መዋሸት አልቻልኩም። «ለዚህ መድኃኒት የማይታዘዝ አስም አለ። የእሷ እንደዚያ ከሆነ፣ ለእንዲህ ያለው የሚሆነው ሌላ መድኃኒት እዚህ ስለመገኘቱ እንጃ።»

መዲና ያን ጊዜ ዞረች። ትንፋሽ እያጠራት፣ እያረፈች ተናገረች።

«አባ... ታዲያ... ማን አገባኝ?»

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ጨረሰ። ደሴ ስንደርስ ጋሽ ዘካሪያ ክንዴን ያዙ።

«ትንሿ ልጄ ነጃትም ሌሊት ደረቷ ያፏጫል። የታዘዘላት ፓፍ ሣጥን ውስጥ ነው፤ እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

«ዛሬ ያውጡት። ባያፍናትም ጠዋትና ማታ ትሳበው፣ ከዚያ አፏን ትጉመጥመጥ። ሰው ፊትም ቢሆን።»

«ሰው ፊትም ቢሆን» አሉ።

ፓፉን በጊዜ የጀመረ ሰው ሌሊቱን ይተኛል፣ ከትምህርቱ አይቀርም፣ አጥንቱም ይተርፍለታል። ለነጃት ምክሩ ደርሷል። ለመዲና ግን ስድስት ዓመት ዘግይቷል።

ከመኪናው ደግፈን ስናወርዳት መንገድ ዳር የተቀመጠች አንዲት ቆሎ ሻጭ ቀና ብላ አየቻት።

«ማሻአላህ! ፊቷ እንዴት ሞልቷል!»

«የኪኒኑ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ዘካሪያ።