ለውዝ በጆሯቸው የሚቆሉት እህታችን

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ታላቅ እህቴ፣ በሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ዝም በሉ» እየተባሉ የኖሩት፣ ከዛሬ ሰባ አምስት ዓመት በፊት ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ።

ስምንተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቁ፣ እኛ ታናናሾቻቸው እንማር ዘንድ የእሳቸውን ትምህርት አቋርጠው በአንድ ኬክ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከመጋገሪያው ፓትራ ላይ የተረፈውን ፍርፋሪ እየቀመሱ የመጋገርን ሙያ ለመዱ፤ ውለው አድረውም የራሳቸውን ባለ አንድ ክፍል ኬክ ቤት ከፈቱ።

ስማቸውን ያስጠራው የቸኮሌትና የለውዝ ፓይ ነበር። ቅቤውን ቀዝቃዛ እንዳለ ከዱቄቱ ጋር በጣታቸው ጫፍ አሽተው፣ ሊጡን አሳርፈውና በመዳመጫ አሳስተው፣ ቸኮሌቱን በፈላ ውሃ እንፋሎት ያቀልጡት ነበር። ለውዙን ግን በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ይቆሉ ነበር፤ መንጣጣት ሲጀምር እስከ ሰባት ቆጥረው ከእሳት ያወርዱታል። በዚያች ሰዓት ትንፍሽ ማለት ክልክል ስለነበር፣ አንደበታቸው ሥራ ፈትቶ የማያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው፣ በተጋቡ በሳምንቱ ከኩሽና ተባረው አርባ ዓመት ሙሉ ደጁን ሳይረግጡ ኖሩ። ያም ሆኖ ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በስድሳ አራት ዓመታቸው ጆሯቸው ይደክም ጀመር፤ እሳቸው ግን ለማንም አልተነፈሱም። ሰው ሲያናግራቸው ፈገግ ብለው ያገኙትን ይመልሱ ስለነበር፣ እኔም አንድ ቀን «ታምሜ ሰነበትኩ» ብላቸው «ደግ አደረግህ» ብለውኛል። መስማት አቃተኝ ብሎ ማመን ለእሳቸው ኬክ ቤቱን እንደ መዝጋት ነበርና፣ ያረረውን ለውዝ በፌስታል እየቋጠሩ ይደብቁ ነበር። ባለቤታቸው ጡረታ በወጡ በወሩ ቆሻሻ ሊደፉ ሲሄዱ ያንን ፌስታል አገኙት። በማግስቱ ኩሽና ገብተው ከኋላ ቆሙና፣ ለውዙ መንጣጣት ሲጀምር የሚስታቸውን ትከሻ በጣታቸው ነካ አደረጉ። እህቴ ዞር ብለው ሳያዩ እስከ ሰባት ቆጠሩ፣ መጥበሻውን አወረዱ፣ ከዚያም ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ዓመት እንዲሁ አብረው ሠሩ፤ ያ ሁሉ ጨዋታ ያላቸው ሰው እንዴት ዝም ብለው መቆም እንደቻሉ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

ባለፈው ዓመት ያደረባቸው የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ፣ ባለቤታቸው ፓዩን ከሊጡ ጀምሮ ለብቻቸው ጋገሩ። ሊጡ ድንጋይ ሆኖ፣ ጠርዙም አርሮ ነበር። ነቀፋ ያለበት ነገር ከእጃቸው ወጥቶ የማያውቀው እህቴ፣ የተቆረሰላቸውን ተቀብለው እስከ ፍርፋሪው ጨረሱና፣ «ይኼ አይሸጥም፤ የኔ ነው» አሉ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

የሕይወት ጓደኛቸውን፣ መምህርቷን ሴት ልጃቸውንና የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛንም ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም፣ ለእህቴ ሲሉ ዝም ያሉትን እኚህን ባለቤታቸውን፣ ቤቱ ጭር ባለባቸው ጊዜ እየሄድን የምናጫውትበትን ልብ ይስጠን።