ዝም ያለው አውቶቡስና የመስመሩ መነሻ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከምስጋናው በፊት አንድ ወሬ ላርም። ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ሕንፃ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሰነበተ ወሬ ነው። «ማዳም ኦዴት የሚሄዱት ታብ ስላሸነፋቸው ነው» ይላል። ማን እንደጀመረው አልናገርም። ታቪሽ፣ ምን ያሽቆጠቁጥሃል? ስምህን መቼ ጠራሁ?

ታብ የምንለው ቁልፍ አላሸነፈኝም። እኔም ታብን አላሸነፍኩትም። እኔ የስፔስ ሰው ነኝ፤ የመስመሬን መነሻ በስፔስ ቁልፍ እየቆጠርኩ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ወደፊትም እንዲሁ ነኝ። የምሄደው ሰባ አራት ዓመት ስለሞላኝ ነው። እንዲያውም ባለፈው የካቲት ልሄድ ነበር። ለምን እስካሁን ቆየሁ? ዛሬ የምነግራችሁ እሱን ነው።

አሁን ምስጋናው። ኃላፊያችን ሎርን፣ የምሳ ክፍሉን ስላስለቀቅህልን አመሰግናለሁ። የቅቤ ታርት የሚባለውን ጣፋጭ ቤታችሁ ጋግራችሁ ላመጣችሁም እጃችሁ ይባረክ። ኬኩንም አይቼዋለሁ። ላዩ ላይ የተጻፉት ሦስት መስመሮች ሦስቱም ከተለያየ ቦታ ይጀምራሉ። ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይገባኛል። ሳይቆረስ አስተካክለዋለሁ፤ ቢላው እኔ እጅ ነው።

ቤተሰብ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁና ለእነሱ ስል ሥራችንን በአጭሩ ልናገር። እኛ የምንሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጽፉበትን ገበታ ነው። ፕሮግራም ሲጻፍ አንዳንዱ መስመር ከዳር ይጀምራል፤ አንዳንዱ ገባ ብሎ ይጀምራል። ገባ ማለቱ ለውበት አይደለም። መስመሩ ከበላዩ ላለው ትእዛዝ ታዛዥ መሆኑን ያሳያል። አንዲት መስመር ቦታዋን ከሳተች ጌታዋ ይለወጣል። መስመሩን ገባ ለማድረግ ስፔስን፣ አንድ ባዶ ቦታ የሚተወውን ቁልፍ፣ ደጋግሞ የሚመታ አለ፤ ታብን፣ በአንድ ምት ብዙ ቦታ የሚዘልለውን፣ አንዴ የሚመታ አለ። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ።

ሌላም ልማድ አለን። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን መጨረሻ የነካው ሰው ስም ይመዘገባል። ብልሽት ሲገኝ ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው ያንን ስም ነው። ስሙ መኖሩ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። ግን ሰዎች ነን፤ ጣታችን የት እንደሚጠቁም ታውቃላችሁ።

ባለፈው ዓመት ታቪሽ አንድ ሥራ ሠራ። ሰው ጽፎ ሲያስቀምጥ ገበታችን የፋይሉን መስመሮች በሙሉ በራሱ ያስተካክልለታል፤ ሰውዬው ታብ ከወደደ ሁሉንም ወደ ታብ፣ ስፔስ ከወደደ ሁሉንም ወደ ስፔስ። ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እኔ አላጨበጨብኩም።

«ማዳም፣ አልጋውን ቢያነጥፉለት የሚቆጣ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ታቪሽ።

«ሳልጠራህ ቤቴ ገብተህ አልጋዬን ካነጠፍክማ ፖሊስ ነው የምጠራው» አልኩት።

ሳቃችሁ። ሥራውም ወጣ። በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ፤ እሱ እውነት ነው።

ጥር ላይ፣ ቅዝቃዜው ጆሮ በሚቆርጥበት ሳምንት፣ ስልኩ ጮኸ። ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፤ እናንተ ስልክ ሲጮኽ እባብ ያያችሁ ይመስል ወደ ኋላ ትላላችሁ።

«ማዳም፣ ኦሪን ስቴድማን እባላለሁ። ከከተማው አውቶቡስ ቢሮ ነው። አንድ መስመር ነበር ያረምኩት። አንድ! አሁን የፋይሉ መስመር ሁሉ የእኔን ስም ይዟል።»

«ሁሉም?»

«ከላይ እስከ ታች። እኔ እኮ ይህን ያህል ጎበዝ አይደለሁም።»

ትዝ ይላችኋል፤ በዚያ ሳምንት የከተማችን የሬድ ዊሎው አውቶቡሶች የሚቀጥለውን ፌርማታ መናገር አቁመው ነበር። የሚናገሩት እሑድ ቀን ብቻ ነበር። መስኮቱ በበረዶ ተሸፍኖ ውጭው አይታይም። የት እንደደረሱ ሳያውቁ አልፈው የወረዱ፣ በዚያ ብርድ ወደ ኋላ የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። አንዲት የእኔ ዕድሜ ሴት ሆስፒታሉን አልፋ ወርዳ፣ ስትመለስ የእግሯን ጣቶች በረዶ መታት። የአውቶቡስ ቢሮው ሰዎች ፋይሉን ከፈቱ፤ የማን ስም አለበት? የኦሪን። ሁሉም መስመር ላይ።

«ማዳም፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ» አለኝ። «ፌርማታዬን የማውቀው አውቶቡሱ ሲነግረኝ ነው። የምሳፈርበትን አውቶቡስ ራሴ ዝም አስብላለሁ? አለቃዬ ግን ‹ከዛሬ ጀምሮ ፋይል አትንካ› አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም።»

«ገበታውን ታብ እንዲጠቀም ያዘዝከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። በጣቴ የማነብበት ሰሌዳ በአንድ ጊዜ አርባ ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። መስመሩ በሃያ ስፔስ ከጀመረ የሰሌዳዬን ግማሽ ባዶ ነው የምዳስሰው። ታብ ሲሆን የሚወስድብኝ አንድ ቦታ ነው። እንዲያሳየኝ ነው ያዘዝኩት፣ ማዳም። የሰው ፋይል እንዲለውጥ አላዘዝኩም።»

ታብ ይሻላል፣ ስፔስ ይሻላል እያልን ስንት ምሳ አቀዘቀዝን? በዚያ ሁሉ ሙግት ውስጥ በጣቱ የሚያነብ ሰው ትዝ ያለው ማን ነበር? ስንከራከር የነበረው ስለ ዓይን ብቻ ነው።

ታቪሽን ጠራሁት። የድሮውን ፋይልና አዲሱን ጎን ለጎን አድርገን መስመር በመስመር አነበብን። ባዶ ቦታውን ትተን ልዩነቱን ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ አለን፤ እሱ ምንም አላገኘም። እንዴት ያግኝ? ጥፋቱ ራሱ ባዶ ቦታ ነበር። ከዓመታት በፊት ቢሮውን የለቀቀ አንድ ሰው፣ ሁሉም በስፔስ በሚጀምርበት ፋይል ውስጥ አንዲትን መስመር በታብ ጀምሯት ሄዷል። እሱ አንድን ታብ እንደ አራት ስፔስ ቆጥሯል። የእኛ ገበታ ፋይሉን ሊያስተካክል ሲነሳ ስምንት ብሎ ቆጠራት። መስመሯ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች። ከበላይዋ የነበረው «እሑድ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ ነበር። መስመሯስ ምን ትላለች? «የሚቀጥለውን ፌርማታ ተናገር።»

ታቪሽ ኮፍያውን አወለቀ። ክፍሉ ውስጥ ኮፍያውን ሲያወልቅ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

«ማዳም...»

«እያየሁ ነው።»

«ሰውዬው አልነካትም። እኛ ነን።»

ሎርን፣ ይህን ብናገር እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ። ስንነግርህ መጀመሪያ ያልከው፣ «ደንበኛ ቢሮ ድረስ ሄደን ጥፋቱ የእኛ ነው ካልን፣ ሌሎቹ ደንበኞች ምን ይላሉ?» ነበር። አፌን ልከፍት ስል ታቪሽ ቀደመኝ። «ያሻቸውን ይበሉ! ሰውዬው በእኛ ሥራ እንጀራውን ሊያጣ ነው እኮ!» አለ። አንተም ካፖርትህን አንስተህ ወጣህ። መኪናህ በዚያ ብርድ አልነሳ ሲልህ አውቶቡስ ቢሮው ድረስ በእግርህ ሄድክ። ለዚያ ቀን ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንሃለሁ።

የአውቶቡስ ቢሮው ፋይሉን በዚያው ሳምንት ወደ ድሮው መለሰ፤ አውቶቡሶቹም ተናገሩ። የኦሪን ጉዳይ ግን አላበቃም። አለቃው ለሎርን የመለሱት መልስ ቀጥተኛ ነበር። «ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ። ግን ገበታችሁ ነገም ያንኑ ቢደግምስ? እንደማይደግመው ዓይኔ እያየ አሳዩኝና ኦሪንን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። እስከዚያ ስልክ ይመልስ። ካላሳያችሁኝ ሙከራው ሲያልቅ ይሰናበታል።»

እኔም ያን ቀን ጡረታዬን አቆየሁት።

ምን እናድርግ ስትሉኝ የመለስኩላችሁ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። መነኮሳት ዘንድ ስማር የጽሕፈት መኪና ያስተማሩን ሲስተር ፊሎሜን ነበሩ። ያኔ ታብ የብረት ነገር ነበር። ከመኪናው ጀርባ ትናንሽ መቆሚያዎች አሉ፤ ታብ ሲመታ ወረቀቱን የያዘው ጋሪ ሮጦ እዚያ ይቆማል። መቆሚያውን እያንዳንዷ ተማሪ እንደ ሥራዋ ታስቀምጠዋለች። አንድ መኪና የጠዋት ተማሪና የከሰዓት ተማሪ ይጋሩት ነበር። የሲስተር ሕግ ይህ ነው፦ «በሰው መኪና ስትቀመጪ መጀመሪያ መቆሚያዋ የት እንዳለ እዪ። ሥራሽን ሥሪ። ስትነሺ እንዳገኘሽው ተዪው።»

አንዲት ልጅ፣ «ሲስተር፣ የእኔ አቀማመጥ ግን ይሻላል እኮ» አለቻቸው።

«ሊሻል ይችላል» አሉ። «መኪናው ግን ነገ ጠዋት የሌላ ሰው ነው።»

እጃችንን የሚመቱበትን ማስመሪያ አላነሱም። ድምፃቸው በቂ ነበር።

ይህንን ነው ወደ ገበታችን ያስገባነው። ፋይል ሲከፈት ገበታው መጀመሪያ የፋይሉን ልማድ፣ ታብ ይሁን ስፔስ፣ ያያል። ለጸሐፊው በሚፈልገው መንገድ ያሳየዋል፤ ለኦሪን ጣት በታብ፣ ለእኔ ዓይን በስፔስ። ሲያስቀምጥ ግን እንደ ፋይሉ ልማድ ያስቀምጣል፤ የሰው እጅ ያልነካትን መስመር እሱም አይነካትም። ልማዱ የተቀላቀለበት ፋይል ካገኘ አይገምትም፤ ይጠይቃል።

ለመናገር ቀላል ነው። ከአንዱ ፋይል ተቀድቶ ሌላው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ብቻውን ስንት ሳምንት አሳበደን? ታቪሽ የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ ሠራ፤ እንደገና አፈረሰ። ያጨበጨባችሁለትን ሥራ ማለቴ ነው። ኦሪን በምሳ ሰዓቱ ይሞክርልንና ይደውላል። «ማዳም፣ ይሄኛው ከትናንቱ የባሰ ነው፤ እንኳን ደስ አላችሁ!» ይለኛል። ታቪሽ ከጎኔ ሆኖ፣ «በለው፣ አንተ ናና ሥራው!» ሲል ኦሪን ሰምቶት፣ «ልመጣ እችላለሁ፤ ሥራ አጥ ልሆን ነው መሰለኝ» አለ። እሱ ሲስቅ እኛ መሳቅ አቃተን።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ሥራ ወጣ። ኦሪን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖታል። ነገ በሦስት ሰዓት አለቃው አጠገቡ ይቀመጣሉ። በዚያው ፋይል ላይ አንድ አዲስ ፌርማታ ይጨምራል፤ የአረጋውያን አዳራሹን። ከዚያ ያስቀምጠዋል። የኦሪን ስም ስንት መስመር ላይ እንደሚወጣ ሁላችንም እናያለን። እነሆ፣ የቆየሁበት ምክንያት ይኸው ነው።

ምክር አትጠብቁ፤ ስመክራችሁ ነው የኖርኩት፣ የሰማኝም ጥቂት ነው። የማሞቂያውን ቁልፍ በስውር ከፍ የሚያደርገውን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ ስሙ ከጎኑ ባይጻፍም።

ታቪሽ፣ ሥራዬን ለአንተ ትቼ እሄዳለሁ። ጥሩ ሥራህን ራስህ ስታፈርስ አይቼሃለሁና አልሰጋም። ስልክ ሲጮኽ ግን አንሳ።

እግዚአብሔር እጃችሁን ያበርታ፤ ዓይናችሁን፣ ጣታችሁን ይጠብቅላችሁ። ያልሠራችሁት ጥፋት በስማችሁ አይመዝገብ፤ የሠራችሁትንም ለመናገር ድፍረት አይንሳችሁ። ከእናንተ በኋላ በወንበራችሁ የሚቀመጥ ሰው ይመርቃችሁ። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።

ነገ ምን እንደምሠራ የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። በማለዳ እነሣለሁ፤ ጡረታ መውጣቴን ሰውነቴ ገና አልሰማም። የአጃ ገንፎዬን እበላለሁ። ቦት ጫማዬን አድርጌ ከቤቴ ጥግ አራት ቁጥር አውቶቡስ እይዛለሁ። አውቶቡስ ቢሮው ገብቼ ከኦሪን ኋላ እቀመጣለሁ፤ አንዲት ቃል ላልናገር ለሎርን ቃል ገብቻለሁ። ኦሪን ሲያስቀምጥ ከመስመሮቹ ጎን አያለሁ፤ ስሙን አንድ ቦታ ብቻ ማየት እፈልጋለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ስልክ መመለሱ ያበቃለትን ኦሪንን እጁን እጨብጥና ወደ አውቶቡሱ እመለሳለሁ። ዓይኔን እጨፍናለሁ። አውቶቡሱ ውረጂ ያለኝ ቦታ ላይ እወርዳለሁ።