አናጢው እና የደም ምርመራው

ከሦስት ዓመት በፊት ዓይኔን ልታከም ሄጄ፣ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ የሰፈራችንን አናጢ አገኘኋቸው። በጨጓራ ካንሰር ምክንያት የጨጓራቸው እኩሌታ ተቆርጦ ከወጣ ዘጠኝ ወሩ ነበር። ኮታቸው ከመስፋቱ የተነሣ የሌላ ሰው ይመስላል። እዚያው ላቦራቶሪ የምትሠራው አንዲት ልጃቸው ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች አጠገባቸው ቆማለች። የደረስኩት ሲጨቃጨቁ ነው።

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣህ! እስቲ ፍረደን» አሉኝ። «ሐኪሙ ዕጢው ተጠርጎ ወጥቷል ብሎኛል። ይህቺ ልጅ ደግሞ ደምህን ስጥና ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ እንይ ትለኛለች። ይሄ ሟርት ነው እንጂ ሕክምና ነው?»

«ሟርት አይደለም፣ አባዬ» አለች ልጅቱ። «ዕጢ የራሱን ዲ ኤን ኤ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ያራግፋል። ካንተ የወጣው ዕጢ መለያ ምልክቱ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ያ ምልክት ዛሬም ደምህ ውስጥ ከተገኘ፣ ርዝራዥ ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በሲቲ ስካን ምስል እስኪታይ ከተጠበቀ ግን ወራት ያልፋሉ።»

«ከተገኘስ? ታድኑኛላችሁ?»

ልጅቱ አቀረቀረች። መዋሸት ቢሆንላት ኖሮ እዚህ ላይ ትዋሽ ነበር።

«ዋስትና አልሰጥህም። ባይገኝም ነፃ ነህ ብዬ አልምልልህም፤ ምርመራውም ሊያመልጠው ይችላል። ግን ከተገኘ ሐኪሞቹ በቅርብ ይከታተሉሃል፤ ምን እንደሚሻልህም አቅም ሳለህ ትመክራለህ።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ! የተኛ አውሬ አልቀሰቅስም። ካላወቅኩ በሰላም እተኛለሁ።»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ አናጢ ነዎት። በር ሥር ዱቄት ፈሶ ቢያዩ፣ ነቀዝ ገባ ብለው እንጨቱን ይመረምራሉ ወይስ በሩ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ?»

«መምህር፣ በር እኮ አይፈራም» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ማስተማሬ በዚያች ሰዓት ምንም አልፈየደኝም።

ልጅቱ ግን በርከክ ብላ እጃቸውን ያዘች። «በሰላም እተኛለሁ አልክ። እኔ ግን አልተኛም፣ አባዬ። ስትበላ የምትተዋትን ጉርሻ እቆጥራለሁ። ቀበቶህን አዲስ ቀዳዳ እንደበሳህለት አይቻለሁ። ባሳለህ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። አንተ አላውቅም ያልከውን እኔ ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ።»

ሽማግሌው የግራ እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ጀመር።

«ቀበቶውን ማየትሽን አላወቅኩም» አሉ። «እንቅልፍ እኔም የለኝ፣ ልጄ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የምዋሽሽ። በይ ቅጂ።»

ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ ምልክቱ ተገኘ። በምስል ግን ገና ምንም አልታየም ነበር። ሐኪሙ ያለውንም የሌለውንም ተስፋ ሳይሸፋፍን አስረዳቸው፤ እሳቸውም የካንሰር መድኃኒት መውሰድን መረጡ። ደኅና በነበሩባቸው ወራት መጋዛቸውንና መላጊያቸውን ለሁለቱ ሠራተኞቻቸው አስረከቡ። «ነገ፣ ነገ» እያሉ ስድስት ዓመት ያቆዩትን የልጃቸውን ቁም ሣጥንም ሠርተው ጨረሱ። ከዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በሽታው አገረሸ፤ አረፉም። መድኃኒቱ ዕድሜ ጨምሮላቸው እንደሆነ ሐኪሙ እንኳ አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም።

አንባቢዬ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ያወቀ ሁሉ ይድናል ብዬ አላታልልህም። የታወቀ ነገር ግን ይመከርበታል፤ ሐኪም ይዘጋጅበታል፤ ቤተሰብም ሸክሙን ይካፈለዋል። እናም ለካንሰር ታክመህ ከሆነ ስለዚህ ምርመራ ሐኪምህን ጠይቅ፤ ለአንተ ይሆን እንደሆነ እሱ ይንገርህ።

ለቅሶ ልደርስ የሄድኩ ዕለት ልጅቱን ምን ብዬ እንደማጽናናት ጨንቆኝ ተቀመጥኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«መምህር፣ አባዬን ሞት አልነጠቀኝም» አለችኝ። «ተሰናብቶኝ ነው የሄደው።»