ለኢንሹራንሱ የሚሰጥ ቃል

(አዳማ፣ ረፋድ ላይ፤ ባላቸው አቶ በላቸው ከሞቱ ሁለት ወር ያልሞላቸው ወይዘሮ አስካለ፣ ቤት ፈልጎ ባስገዛቸው የሽያጭ ወኪል በውብሸት ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል።)

አስካለ፦ ሻይ አልፈልግም አልኩህ። የጠየቅኩህን መልስልኝ። ያን ጊዜ መሬት አስተዳደር ገብተህ የቤቱን ሰነድ አጣርተሃል ወይስ አላጣራህም?

ውብሸት፦ እትዬ አስካለ፣ ስለሱ እንዳልናገር ተከልክያለሁ።

አስካለ፦ ማን ነው የከለከለህ?

ውብሸት፦ ኢንሹራንሱ። የሙያ መድን አለኝ፤ ሐኪምም መሐንዲስም እኛም በሥራችን ስንሳሳት ለተጎዳው ሰው የሚከፍል። ግን እነሱ ሳይፈቅዱ «ጥፋቱ የኔ ነው» ካልኩ ውሉ ይፈርሳል። እርስዎም ከነሱ የሚያገኙት አይኖርም። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

አስካለ፦ ስልኬን ያላነሳኸው ለኔ አዝነህ ነው በለኛ።

ውብሸት፦ ለእርስዎም፣ ለራሴም።

አስካለ፦ እንግዲያው ስማኝ። ቤቱን ልንገዛ ስንል እህቴ ጠበቃ ያዙ ብላን ነበር። በላቸው ሳቀባት። ውብሸት እጃችን ላይ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው፣ ፈቃድ አለው፣ ቢሳሳት እንኳ መድን አለው አላት። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ሲጠግን ያፈራውን ይዞ፣ አንተን አምኖ ፈረመ። በስምንተኛው ወር የፍርድ ቤት ሰዎች ሊያስወጡን መጡ። ቤቱ ለካ ሳንገዛው በፊት በሻጩ ወንድሞች ክስ ታግዶ ኖሯል። ያን ቀን በላቸው የሎሚ ችግኝ ሊተክል ጉድጓድ ቆፍሮ ነበር።

ውብሸት፦ በማግስቱ መጥቼ ነበር። በሩ ታሽጓል።

አስካለ፦ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አታውቅም። እህቴ አንድ ክፍል ሰጠችን። እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ የሽያጩን ውል በየቀኑ ያነባል። ውብሸት ሳያጣራ አያስፈርመኝም፣ የሆነ ቦታ የሳትኩት መስመር አለ፣ ዓይኔ ነው ጉድ የሠራኝ ይላል። መነጽር አሠራሁለት፤ በመነጽሩም እንደገና አነበበው። ተው ብለምነው እንቢ አለ። በዚያው ታመመ፤ የሞተ ለት ጠዋት እጄን ይዞ «አስኩ፣ ቤት ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አለኝ።

ውብሸት፦ እሳቸው ምንም አላጠፉም።

አስካለ፦ ታዲያ ማን አጠፋ?

ውብሸት፦ እትዬ፣ እባክዎ።

አስካለ፦ እሺ፣ ይሄ በእጅህ የሸፈንከው ወረቀት ምንድን ነው?

ውብሸት፦ ለኢንሹራንሱ የምሰጠው ቃል ነው። ዛሬ ፈርሜ መላክ አለብኝ።

አስካለ፦ አንብብልኝ።

ውብሸት፦ ባይሰሙት ይሻላል።

አስካለ፦ አንብበው።

ውብሸት፦ «ገዢው አቶ በላቸው ሰነዶቹን ራሳቸው መርምረው፣ ረክተው ፈርመዋል።» የጻፈው የነሱ ጠበቃ ነው።

አስካለ፦ ከሞተም በኋላ አልተዋችሁትም።

ውብሸት፦ አልፈረምኩም። ሦስት ቀን ሙሉ እስክሪብቶ አንስቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። ከፈረምኩ ነገሩ ፍርድ ቤት እንዳይደርስ በዕርቅ የሆነ ነገር ይሰጡዎታል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን እነሱ እጃቸውን ያወጣሉ፤ እርስዎ የሚከሱት እኔን ብቻ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ቢሮ በቀር የለኝም።

አስካለ፦ እህቴ ክፍሏን ለልጇ ትፈልገዋለች፤ አፍራ ነው እንጂ ውጪ ልትለኝ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ አያስፈልገኝም ብዬ አልዋሽህም። ግን በላቸው አጠፋ ተብሎ የሚሰጠኝን አልቀበልም። አሁን ንገረኝ። አጣርተሃል?

ውብሸት፦ ዓርብ ዕለት ሄጄ ነበር። ሰልፉ ረዘመብኝና ሰኞ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ሰኞ ሌላ ገዢ ይዤ ቢሾፍቱ ሄድኩ። ማክሰኞ ጋሼ በላቸው ደወሉና «አጣራህልኝ?» አሉኝ። አጣርቻለሁ፣ ምንም ዕዳ እገዳ የለበትም አልኳቸው።

አስካለ፦ እሱስ ምን አለህ?

ውብሸት፦ «ተባረክ» አሉኝ። እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ታመው ሳሉ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እህትዎ በር ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ያንን የመድን ውል ፈርቼ። ይህን ወረቀት አልፈርምም። ፍርድ ቤት ቢያቆሙኝም ይህንኑ እናገራለሁ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ግን ለመለመን አፍ የለኝም።

አስካለ፦ ይቅር ልበልህ አልበልህ እኔም ገና አላውቅም። ለኔማ ነገርከኝ፤ ሳይሰማው የሄደው እሱ ነው። ተነስ፣ ቢሮህን ዝጋ። ገብርኤል እንሄዳለን። መቃብሩ አጠገብ ትቆምና፣ አሁን ያልከኝን አንድ ቃል ሳታጎድል ለሱ ትነግረዋለህ።