ሊደፈኑ የነበሩት ሰባት መስኮቶች

ክቡራትና ክቡራን፣ የመርሳ ሰዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም መደባችሁን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። በግ መታረዱንም ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ አላስረዝምም።

ንግግር አላውቅበትም። የማውቀው ከደብተሬ ማንበብ ነው። የዛሬው እንዲህ ይላል፦

«ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.። የጠዋት ቆጠራ፦ ክፍት መደብ ሠላሳ አንድ። ዝግ ሁለት፤ አንዷ ወልዳለች፣ አንዱ ውርጌሳ ለቅሶ ሄዷል። ልብስ ስፌት፣ ዘጠኝ ሠልጣኝ። ንባብ ቤት፣ አሥራ ስድስት ተማሪ፤ አንዱ ተኝቷል። የተሰበረ መስታወት አንድ፣ ሦስተኛው መስኮት። ኳስ ነው።»

የዛሬ አራት ዓመት፣ የዚህ ቤት አስተባባሪ የሆንሁ ቀን የጻፍሁትስ? «የሌሊት ወፍ፣ የማይቆጠር። ፍየል አራት። ሰው የለም።» ይኸው ነው። ቤቱ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ነበር፤ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። ዛሬ ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ጥናት፣ ቅዳሜ ሠርግ ይውልበታል። ፍየሎቹም አልቀሩም፤ በሠርጉ በኩል ይገባሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከኋላዬ በነጠላ የሸፈናችሁትን ሰሌዳ ትናንት ገልጬ አይቼዋለሁ። ነጋዴ የተሸፈነ ዕቃ ሳይገልጥ ያልፋል ብላችሁ ነው? «አብዱልሐሊም አዳራሽ» ይላል፤ በእኔ ስም። መቅደላ፣ አታቀርቅሪ፤ የእጅ ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ኃላፊነቱን የምትረከበው ኢንጂነራችን ሰሌዳ በማጻፍ መጀመሯ ደግ ነው፤ ስሙ ነው የተሳሳተው።

ምክንያታችሁ ይገባኛል። «ይህን ብርሃን ያመጣልን እሱ ነው» ትላላችሁ። እንግዲህ ልሄድ ነውና እውነቱን ስሙኝ። ብርሃኑን ልዘጋው የነበርሁት እኔ ነኝ።

እነዚህን ሰባት መስኮቶች በብሎኬት ላስደፍን ወስኜ ነበር። ግድግዳ መደርደሪያ ይሸከማል፤ መስኮት ምን ይሸከማል? አሥራ አራት መደብ እናተርፋለን አልሁ። መቅደላ «ጋሼ፣ አዳራሹ እኮ መጋዘን ሊሆን ነው!» ብትለኝ፣ «አምፖል ለምን ተሠራ?» ብዬ መለስሁላት። በመልሴም ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ግንበኛችን ዓሪፍ ሲሚንቶውን አቡክቶ ሊጀምር ሲል፣ እማማ አስካለ በርጩማቸውን ይዘው ገቡና ሦስተኛው መስኮት ሥር ቁጭ አሉ። ለማታውቋቸው፣ እሳቸው ፋብሪካው ሲሠራ ጥጡ መዳመጫው ከመግባቱ በፊት ቅጠሉንና ጉድፉን ይለቅሙ ከነበሩት ሴቶች አንዷ ናቸው።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ፤ ግንበኛው ሊጀምር ነው» አልሁ።

«ይጀምራ! እጁን ያዝሁት?»

«እሚገነባው እኮ እዚያው ላይ ነው!»

«እኔም እዚሁ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥሁበት ነው። ይልቅ ና፣ አንተ እህል ነጋዴ አይደለህ? ሰው ጤፍ ሲገዛህ፣ ዘግኖ ወዴት ነው እሚሄደው?»

«ወደ ደጅ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«በብርሃን ሊያየው።»

«በጨለማ እሚሸጠውስ ምን ዓይነቱ ነው?»

ሳላስበው «የነቀዘ» አልሁ።

«እህ! መስኮት እሚዘጋ የነቀዘ ያለው ነዋ!»

ዓሪፍ እየሳቀ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ዓሪፍ፣ ሱሪህ እስካሁን ምስክር ነው። እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ ዓመት እህል ሸጫለሁ፤ ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነበር። ያ ፋብሪካ ሲገነባ መስኮቶቹ በከንቱ አልተከፈቱም፤ ለዓይን ሥራ ነው የተከፈቱት። ጉድፍ ያሳየ ብርሃን ጤፍም ያሳያል፣ ፊደልም ያሳያል።

ብሎኬቱ ታዲያ የት ደረሰ? ተቀምጣችሁበታላችሁ። በመስኮቶቹ ሥር ያለው ረጅሙ መቀመጫ እሱ ነው።

ስለዚህ ትናንት ሰሌዳውን እንዳየሁ በቀጥታ እማማ ቤት ሄድሁ። «ስሙ የእርስዎ ይሁን» አልኋቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«አንተ አብዱልሐሊም፣ እኔ ብቻዬን ነበርሁ እንዴ? ሰባት መስኮት፣ ሰባት ለቃሚ ነበርን። አራቱ አፈር ለብሰዋል። የኔን ለብቻው ብትሰቅለው፣ ስሄድ ምን ብዬ ላግኛቸው?»

ከሳቸው ጋር ስከራከር ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ ሁለቱንም ተሸንፌአለሁ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፦ በሩ ላይ «የለቃሚዎች አዳራሽ» የሚል ቢሰቀል የሚቃወም አለ?

የለም። እማማ ብቻ ናቸው ያላጨበጨቡት፤ መሀረባቸውን እየፈለጉ ነው። ጸድቋል።

መቅደላ፣ ቁልፎቹ እነሆ። በየጠዋቱ ቁጠሪ፤ የተኛውን ተማሪ ግን አትቀስቅሺው። ለሁላችሁም አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ሚዛናችሁ ቀጥ፣ ደጃችሁ ክፍት፣ ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ይሁን። ልጆቻችሁ ከዚህ መቀመጫ ተነሥተው ሩቅ ይድረሱ፤ ሲመለሱም ቦታቸው ይቆያቸው። ያስቀየምሁት ካለ አውፍ ይበለኝ። አሚን በሉ፤ በጉም ሳይቀዘቅዝ።

የነገውን ልጻፍና ደብተሬን ልዝጋ።

«ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ሰሌዳውን ይዞ ወልድያ፣ ቀለም ቀቢው ዘንድ። በመመለሻ አንድ መስታወት፣ ለሦስተኛው መስኮት።»